የልጅነት ልምሻ አገሩ በምን ይታወቃል?

ለወላጅ ከልጁ ጤና የሚበልጥ ሀብት የለም። ሕፃን ሲወለድ እናት አስቀድማ የምትመለከተው እጁንና እግሩን ነው፤ ጣቶቹን ትቈጥራለች፤ ሙሉ መሆኑን ካየች በኋላ የምጧን ጭንቅ ትረሳለች። ልጁ ዳዴ ሲል፥ ተነሥቶ ሲንገዳገድ፥ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲራመድ በቤቱ የሚሆነው ደስታ ከሠርግ ደስታ አያንስም። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ይህን ደስታ ከብዙ ቤት ሲነጥቅ ስለ ኖረው ስለ ልጅነት ልምሻ እንጽፋለን፤ ፖሊዮ የሚባለውም ይኸው ነው። ይልቁንም የበሽታው ቫይረስ ከየትኛው አገር ተነሥቶ ወደየትኛው እንደ ተሻገረ ሊቃውንት በምን ጥበብ እንደሚያውቁት፥ ይህም ዕውቀት ለእያንዳንዱ ቤት ምን እንደሚጠቅም ለመግለጽ አስበናል።

ነገሩን ከበቆጂ እንጀምራለን። በቆጂ በአርሲ ደጋ ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የገብስና የስንዴ እርሻ ነው፤ ብርዷም የታወቀ ነው። ስሟ በዓለም የተሰማው ግን በእህሏ ሳይሆን በልጆቿ እግር ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፥ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶን የቀደመችው ፋጡማ ሮባ፥ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወርቅ ያገኙት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፥ ሁሉም የዚህችው ከተማና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ በነበሩት በአሠልጣኝ ሰንታየሁ እሸቱ እጅ ሩጫን የጀመሩ አሉ።

በቆጂን ስለ ምን አነሣችኋት የሚለን ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። የልጅነት ልምሻ የሚነጥቀው በቆጂ ለዓለም ያበረከተችውን ያንኑ እግር ስለ ሆነ ነው። ማለዳ በባሕር ዛፍ መካከል የሚሮጡትን ሕፃናት ያየ ሰው፥ ከእነርሱ አንዱ አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት ተኝቶ በማግስቱ እግሩ አልታዘዝ ቢለው ምን ያህል ኀዘን እንደሚሆን ያለ ነጋሪ ይረዳዋል።

አሜሪካዊቱ ዊልማ ሩዶልፍ በሕፃንነቷ ይህ በሽታ ይዟት እግሯን በብረት ድጋፍ አስራ ትሄድ ነበር። በብዙ ሕክምናና በቤተ ሰቧ ትጋት ተሽሏት፥ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሎምፒክ ሦስት የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። ታሪኳ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው ጥቂቶች ናቸው። የልምሻ በሽታ አንድ ጊዜ ነርቭን ከገደለ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ያለው መፍትሔ አስቀድሞ መከላከል ብቻ ነው።

ይህም ሁሉ እየታወቀ፥ የክትባት ጠብታ ይዘው በየመንደሩ የሚዞሩትን የጤና ሠራተኞች «በሰፈራችን ልምሻ የያዘው ሕፃን አናይም፤ ልጄም ባለፈው ጊዜ ወስዷል፤ ታዲያ ስለ ምን ትመላለሳላችሁ?» የሚሏቸው ወላጆች አሉ። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በዓይኑ የማያየውን ጠላት ፍራ የተባለ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቅ የሚገባው ነው። እኛም መልሱን የምናገኘው ቫይረሱ ያደረገውን ጕዞ በመከተል ነው።

አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይ እንመልከት። የልምሻ ምክንያት ቫይረስ መሆኑን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. በቪየና ካርል ላንድሽታይነርና ኤርቪን ፖፐር የተባሉት ሐኪሞች ገለጹ። ይህ ቫይረስ በአፍ ይገባል፤ በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከሰገራም ጋር ይወጣል። ከዚያም በውኃ፥ በምግብ ወይም ባልታጠበ እጅ አድርጎ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የሚያስፈራው ነገር ግን ይህ ነው፤ ቫይረሱ ከገባባቸው 200 ያህል ሰዎች እግሩ ወይም እጁ የሚልመሰመሰው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ብዙዎቹ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው፥ ጥቂቶቹም እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት ብቻ አግኝቷቸው፥ ሳያውቁት ለሌላው ያስተላልፋሉ። ስለዚህ በአንድ መንደር አንድ ልጅ ከለመሸ፥ በዙሪያው ቫይረሱን የተሸከሙ ብዙ ጤነኞች አሉ ማለት ነው። ልምሻ የያዘው ልጅ አላየንም ማለትም ቫይረሱ የለም ማለት አይደለም።

እንዲህ በጤነኞች ሰዎች አካል ተሰውሮ የሚሄደውን እንግዳ አገሩን ማን ይጠይቀዋል? ፓስፖርት የለው፥ አሻራ አይተው፥ በኬላ አይቆም። ሊቃውንቱ ግን አንድ መላ አገኙ፤ ይኸውም በቫይረሱ ውስጥ ያለውን የዘር ጽሕፈት ማንበብ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት የብራና መጻሕፍታችንን እንውሰድ። በቀድሞ ዘመን አንድ መጽሐፍ የሚበዛው ቁም ጸሐፊ ተቀምጦ ከሌላው እየገለበጠ ነበር። ጸሐፊው የቱን ያህል ጠንቃቃ ቢሆን በረጅም ሥራ ውስጥ አንዲት ፊደል መግደፉ አይቀርም። ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጠው ሁለተኛው ጸሐፊ ያችን ግድፈት ሳያውቅ ይዟት ይሄዳል፤ የራሱንም አንዲት ግድፈት ይጨምርባታል። ሦስተኛውም እንዲሁ። አንዱ መጽሐፍ በጎንደር፥ ሌላው በሸዋ ቢገኝ፥ በሁለቱም በዚያው ገጽና በዚያው መሥመር ያችው ግድፈት ብትታይ፥ ሊቁ «እነዚህ ሁለቱ ከአንድ መጽሐፍ የተገለበጡ ናቸው» ብሎ ይፈርዳል። የጋራ ግድፈታቸው ሲበዛ ዝምድናቸው ቅርብ ይሆናል፤ የየብቻ ግድፈታቸው ሲበዛ ደግሞ ከተለያዩ ብዙ ዘመን እንደ ሆነ ይታወቃል።

የልምሻ ቫይረስም እንደዚሁ ነው። የዘሩ ጽሕፈት በአራት ዓይነት ፊደላት የተጻፈ ሲሆን፥ ርዝመቱ 7,500 ፊደል ያህል ነው። ቫይረሱ በሰው አንጀት ውስጥ በተራባ ቍጥር ይህን ጽሕፈት ይገለብጣል፤ በገለበጠም ቍጥር አልፎ አልፎ ይገድፋል። ምሁራኑ ከጽሕፈቱ መካከል 900 ያህል ፊደል ያለበትን አንዱን ክፍል ለማነጻጸሪያ መርጠዋል። በዚህ ክፍል በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ አንድ ያህል፥ ይኸውም ዘጠኝ ያህል ፊደል ይለወጣል። እንግዲህ ግድፈቱ ዝምድናን ብቻ ሳይሆን ዘመንንም ይናገራል። በሁለት አገር የተገኙ ሁለት ቫይረሶች በ18 ፊደል ቢለያዩ፥ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ዘጠኝ ያህል ለውጠዋልና ከአንድ እናት ከተለዩ አንድ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል ማለት ነው።

የዚህ ቫይረስ ጽሕፈት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦ የታተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡትን የልምሻ ቫይረሶች አነጻጽረው፥ በአንድ አካባቢ የሚገኙት እርስ በርሳቸው እንደ ወንድማማች የሚመሳሰሉ፥ ከሌላው አካባቢ ቫይረስ ግን የሚለዩ መሆናቸውን አስረዱ። ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ የሚገኘው የቫይረስ ጽሕፈት በማኅደር እየተመዘገበ ይኖራል። አዲስ ቫይረስ በተገኘ ጊዜ ከማኅደሩ ጋር ተመሳክሮ ዘመዱ ይፈለጋል፤ ዘመዱ ሲገኝ አገሩ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ረቂቅ ሥራ የሚጀምረው ግን ከታላቅ ሕንፃ ሳይሆን ከአንዲት እናት ደጅ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲልመሰመስና ሲዝል፥ ወሬው ለጤና ጣቢያ ይደርሳል። የጤና ሠራተኛውም ድካሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፥ በሁለቱ መካከል ቢያንስ የ24 ሰዓት ርቀት አድርጎ፥ ሁለት ጊዜ ሰገራውን ይወስዳል። የተወሰደውም በበረዶ በቀዘቀዘ ሣጥን ሆኖ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ቫይረስ ከተገኘበት ፊደሉ በልዩ ላቦራቶሪ ይነበባል፤ ይህን ከሚሠሩት ታላላቅ ላቦራቶሪዎች አንዱ በአሜሪካ አገር በአትላንታ የሚገኘው የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል ነው። ወሬው ከዘገየ ወይም ሣጥኑ ከሞቀ ግን የሚነበብ ነገር አይገኝም። በሊቁ እጅ ያለው ዕውቀት ሁሉ በዚያች እናት ፈጥኖ መናገር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንምጣ። ኢትዮጵያ ከ1993 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ አራት ዓመት ያህል ከተፈጥሮው የልምሻ ቫይረስ ዐርፋ ነበር። ብዙ ሰው በሽታው ጠፋ ብሎ አመነ። በ1997 ዓ.ም. ግን እንደገና ተገኘ። ጽሕፈቱ ሲነበብ ከቀድሞው የአገራችን ቫይረስ የተወለደ ሳይሆን ከሱዳን የተሻገረ፥ የሱዳኑም ዘሩ ከሰሜን ናይጄሪያ የመጣ ሆኖ ተገኘ። በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2003 እስከ 2004 ዓ.ም. ስለ ክትባቱ ክፉ ወሬ ተነዝቶ በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር ክትባት ቆሞ ነበር። በዚያ ጊዜ የተስፋፋው ቫይረስ በቻድና በሱዳን አልፎ ወደ እኛ መጣ፤ ባሕርም ተሻግሮ እስከ ኢንዶኔዢያ ደረሰ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ 22፥ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 17 ሰዎች በዚህ ቫይረስ ለመሹ። በሩቅ አገር በአንድ ወቅት የተነገረ ሐሰት የኛን ሕፃናት እግር ሰበረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የ2005 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር በሶማሊያ በሞቃዲሾ አካባቢ አንድ ሕፃን ለመሸ። ብዙም ሳይቆይ በኬንያ በዳዳብ የስደተኞች ሰፈር፥ በሐምሌም ወር በአገራችን በሶማሌ ክልል በዶሎ ዞን በሽታው ታየ። የሦስቱም አገር ቫይረስ ጽሕፈቱ ሲነጻጸር የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ተገኙ፤ የቀድሞ አባታቸውም በምዕራብ አፍሪካ፥ በናይጄሪያ የነበረው ቫይረስ ነበር። በዚህ ወረርሽኝ በሶማሊያ 199፥ በኬንያ 14፥ በኢትዮጵያ 10 ሰዎች ታመሙ። የአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ ሕመሙ የጀመረው በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ነበር። የጤና ሠራተኞች በበረሃው ከውኃ ጕድጓድ ወደ ውኃ ጕድጓድ፥ ከከብት መንጋ ወደ ከብት መንጋ እየተከተሉ ሕፃናቱን ደጋግመው ስለ ከተቡ እሳቱ ጠፋ። በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተፈጥሮው የልምሻ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተመሰከረላት፤ ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ክልል ያሉት አገሮች ሁሉ ይህን ምስክርነት አገኙ።

ደስታው ግን እንቅልፍ የሚያስወስድ አልሆነም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ማላዊ በዋና ከተማዋ በሊሎንግዌ ልምሻ መገኘቱን ለዓለም አስታወቀች፤ ኋላም በሞዛምቢክ ተገኘ። ጽሕፈቱ ሲነበብ ዘመዱ በአፍሪካ አልነበረም፤ በፓኪስታን በሲንድ ክፍለ ሀገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019ና በ2020 ዓ.ም. ይዞር የነበረው ቫይረስ ነበር። ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ቫይረሱ ከቶ ያልተቋረጠባቸው አገሮች ናቸው። ከሲንድ እስከ ሊሎንግዌ የተሻገረ ቫይረስ ወደ ሌላው አገር መሻገር ያቅተዋልን?

በዚህ ስፍራ ከወላጆች ልንደብቀው የማይገባን አንድ ነገር አለ። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ የተሠራው ኃይሉ ከደከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ሕፃኑ ይህን ሲወስድ አካሉ መከላከልን ይማራል፤ የደከመውም ቫይረስ ለጥቂት ሳምንት በሰገራው ይወጣል። ጎረቤቱ ሁሉ የተከተበ ከሆነ ይህ በዚያው ያልቃል። ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት አገር ግን የደከመው ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ለብዙ ወራት ሲዞር ፊደሉ እየተለወጠ የቀድሞ ኃይሉን ሊመልስ ይችላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በዚያው በዶሎ ዞን የለመሸ አንድ ሰው ተገኘ፤ ቫይረሱም የተፈጥሮው ሳይሆን እንዲህ ከክትባት ቫይረስ ተለውጦ የመጣ ነበር። ጽሕፈቱ ሲመረመር በ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሞቃዲሾ አካባቢ ከታየው ጋር አንድ ሐረግ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ጠብታውን መሸሽ አይደለም፤ ይልቁንም አደጋው የተወለደው ጠብታው ሳይደርሳቸው በቀሩት ልጆች መካከል መሆኑን ነው። ሊቃውንቱም ፊደሉ በቀላሉ እንዳይለወጥ አድርገው አዲስ ጠብታ ሠሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ እንዲሠራበት ፈቀደ።

ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ቫይረሱ ከዚህ አገር መጣ ሲባል የዚያን አገር ሰው ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው አይጠፋም። ይህ ግን የጥበቡን ዓላማ ማጣመም ነው። የፊደሉ ንባብ የሚያሳየው መንገዱን እንጂ በደለኛውን አይደለም። ቫይረሱን ያመጣው መንገደኛ ራሱ መሸከሙን አያውቅም፤ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎችም የዚያው አገር ሕፃናት ናቸው። የመንገዱ መታወቅ የሚጠቅመው ክትባት የት መፋጠን እንዳለበት፥ የትኛው ቀዳዳ መደፈን እንዳለበት ለማመልከት ነው። በማኅደሩም ውስጥ ቅርብ ዘመድ የሌለው፥ ብዙ ፊደል የተለወጠበት ቫይረስ ድንገት ቢገኝ፥ በአንድ ስፍራ ብዙ ዘመን ማንም ሳያየው ሲዞር እንደ ነበር ያጋልጣል፤ ይህም የሚያስተውለው ጠባቂ ላጣው አካባቢ እንደ ጩኸት ደወል ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው የወላጆች ጥያቄ እንመለስ። «በሰፈራችን በሽታው የለም፤ ስለ ምን ትመላለሳላችሁ?» ይላሉ። ከአሰላ ተነሥቶ በበቆጂ በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ አሳሳ፥ ወደ ዶዶላና ወደ ባሌ ይዘልቃል። በዚያ መንገድ እህል የጫነ መኪና፥ ከብት ነጂ፥ ነጋዴ፥ ተማሪ፥ ለቅሶ ደራሽና ሠርገኛ ሲመላለስ ይውላል። ልምሻን ከናይጄሪያ እስከ ዶሎ፥ ከሲንድ እስከ ሊሎንግዌ ያደረሰው እንዲህ ያለው የዘወትር የሰው መመላለስ ነው። የጤና ሠራተኛው የሚመላለሰው በሽታው በእናንተ ቤት ስላለ ሳይሆን፥ በመጣ ጊዜ በሩ ተዘግቶ እንዲያገኘው ነው።

በሩ የሚዘጋውም በቀላል ነገር ነው። ሕፃኑ እንደ ተወለደ፥ ከዚያም በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ጠብታውን ይውሰድ፤ በ14ኛውም ሳምንት መርፌውን ይወጋ። ከዚህ ሌላ ዘመቻ በተባለ ጊዜ ቀድሞ የወሰደም ልጅ ቢሆን ይድገመው፤ መድገሙ መከላከሉን ያጠነክረዋል እንጂ አይጎዳውም። ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፥ የሚጠጣውንም ውኃ በንጽሕና መያዝ የዘወትር ልማድ ይሁን። የማንም ልጅ ቢሆን፥ የጎረቤትም ሆነ የመንገደኛ፥ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል ያየ ሰው «ዓይነ ጥላ ነው» ብሎ ወይም አፍሮ ሳይሸሽግ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ ያስታውቅ።

በቁም ጸሐፊ ምሳሌ ጀምረን ነበርና በእርሱው እንፈጽም። ጸሐፊ የሚገለብጥበት ብራና ካጣ ብዕሩን ማስቀመጡ ግድ ነው። የልምሻም ቫይረስ ጽሕፈቱን የሚገለብጥበት ያልተከተበ ሕፃን ካጣ ዘሩ በዚያው ይቋረጣል። ብራናውን የሚነሣው ሊቁ በላቦራቶሪው ሳይሆን፥ ልጇን ታቅፋ ወደ ክትባት የምትወጣው እናት ናት። በበቆጂ ደጋ ማለዳ የሚሮጡት ሕፃናት ሁሉ ለኦሎምፒክ ባይደርሱም፥ በሁለት እግራቸው ቆመው ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ እርሻና ወደ ሥራ እንዲሄዱ የማድረግ ሥልጣን በየቤታችን አለ።